በሩፋኤል ዝናብ የጠፋችብኝ እንግዳ

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና ጳጉሜ ላይ፣ የሩፋኤል ዕለት ነው። የነገርኩት ሰው ሁሉ "ተይው፣ አልፏል" ይለኛል። ማለፉንስ አልፏል። እኔ ግን አሁን ስጽፈው እንኳ እጄን ያልበኛል።

የምኖረው ሲግናል አካባቢ ሲሆን በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ልጃችን ለትምህርት ሐዋሳ ከሄደ ወዲህ ክፍሉ ባዶውን ነበር። አንድ ቀን ባለቤቴ፣ ከውጭ አገር ለአንድ ሴሚስተር የሚመጡ ተማሪዎችን የሚያስተናግድ ቤተሰብ እየተፈለገ ነው ብሎ መጣ። እኔ በተፈጥሮዬ ጭንቀታም ነኝ። የሰው ልጅ፣ ያውም የሰው አገር ልጅ፣ እቤቴ አንድ ነገር ብትሆን ምን እመልሳለሁ ብዬ ስንት ቀን አንገራገርኩ። በመጨረሻ እሱ አሸነፈኝ።

የመጣችልን ክላሪስ የምትባል የሩዋንዳ ልጅ ናት። ረጅም፣ ጠይም፣ ዓይነ ትልቅ። ከእኔ ጋር ሰፈር ውስጥ ያያት ሁሉ የእህቴ ልጅ ትመስለዋለች። ባለሱቁ በአማርኛ ያናግራትና ዝም ስትለው "ይቺ ልጅ ኩራቷ!" እያለ ለእኔ ይከሳታል። አማርኛዋ ከ"እሺ" እና "አመሰግናለሁ" አያልፍም ነበር።

ክላሪስ አስም አለባት። ልጅቷ ገና በመጣች ዕለት እናቷ ከኪጋሊ ደውላ በእንግሊዝኛ የለመነችኝ ይህንኑ ነው። ልጄን ብርድ አይምታት፣ ፓፉ ከአጠገቧ አይለይ አለችኝ። ፓፍ የምንለው ወደ አፍ የሚነፋውን የአስም መድኃኒት ነው። እኔም እንደ ራሴ ልጅ አያታለሁ አልኳት።

ጳጉሜ ሲገባ ተማሪዎቹ በቡድን እንጦጦን እንዲጎበኙና የዱር እንስሳት እንዲያዩ ፕሮግራም ተያዘላቸው። ከየቤተሰቡም የፈለገ አብሮ ይሂድ ተባለ። እኔ ሄድኩ። ልዝናና እንዳይመስላችሁ፣ ልጅቷን ልጠብቅ ነው። በዋዜማው ለአዲስ ዓመት ብዬ ሹሩባ አሠርቻታለሁ። ራጉኤል ስለምንገባም ነጠላዬን አለበስኳት። እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ፤ ቢሆንም ነጠላ የሌለበት ቤት የለም። መስታወት ፊት ቆማ ራሷን ስታይ ደስ ብሏት ዞር ዞር አለች።

በሁለት ሚኒባስ ወጣን። ከጀርመንና ከኮሪያ የመጡት ይበዛሉ፤ ከአፍሪካ እሷ ብቻ ናት። ብሩክ የሚባል ወጣት አስጎብኚ ነበረን። ጠዋት ራጉኤልን አየን። ከምሳ በኋላ ከፓርኩ ወጣ ብሎ ወዳለው ጫካ ወረድን። ብሩክ ድምፅ ካላሰማን ድኩላ እናያለን፣ ሚዳቋም አይጠፋም፣ የጅብ ዱካም አሳያችኋለሁ ሲላቸው ልጆቹ በእግር ጣታቸው መራመድ ጀመሩ።

ክላሪስ ከኮሪያዊት ጓደኛዋ ካሜራ ተዋሰችና ቦርሳዋን እኔ ትከሻ ላይ አንጠልጥላ ወደ ፊት አለፈች። ስልኳም ፓፏም ቦርሳው ውስጥ ነው። "ፓፉን ያዢው እንጂ" አልኳት። ደረቷን መታ መታ አድርጋ ሳቀች፤ ደህና ነኝ ማለቷ ነው።

ድኩላው እውነትም ታየ። ቁጥቋጦው ውስጥ ቆሞ ጆሮውን ቀስሮ ያየናል። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። እሱ ፈንጠር ሲል ጥቂቶቹ ተከትለውት ወረዱ። ብዙም ሳይቆይ ጉሙ ከላይ ወርዶ ዛፉን ሁሉ ሸፈነው። ከዚያ ዝናቡ መጣ። የእንጦጦን የጳጉሜ ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ይገለበጣል እንጂ አይዘንብም። ብሩክ "ወደ መኪና!" ብሎ ተጣራ። ሁሉም እየተንሸራተተ ወደ ላይ ሮጠ።

መኪና ውስጥ ልጆቹ እየተሳሳቁ ልብሳቸውን ሲጨምቁ እኔ ፊት ፊታቸውን አየሁ። ክላሪስ የለችም። ብሩክ "ከኋላው መኪና ውስጥ ትሆናለች፣ እትዬ" አለኝ። በዝናብ ወርጄ ሄድኩ። እዚያ ያሉት ደግሞ ከእናንተ ጋር መስላን አሉ። ከሁለቱም መኪና የለችም።

ብሩክና ሾፌሮቹ ስሟን እየጠሩ ወደ ጫካው ተመለሱ። ዝናቡ ድምፃቸውን ይውጠዋል። እኔ ወደ መንገዱ ወጣሁና ያገኘኋቸውን ጥበቃዎች "የውጭ አገር ተማሪ ጠፍታብን ነው" አልኳቸው። ደግ ሰዎች ናቸው፤ አላንገላቱኝም። አንደኛው ወዲያው ሬዲዮውን አንሥቶ "አንዲት ፈረንጅ ከጎብኚዎች ተለይታ ጠፍታለች፣ ያያት ያሳውቅ" አለ። ጆሮዬ ሰምቶታል። ግን ልቤ እዚያ አልነበረም፤ ቦርሳው ውስጥ ያለው ፓፍ ላይ ነበር።

የሩፋኤል ዕለት ደግሞ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። የዚያን ቀን ዝናብ ጸበል ነው እየተባለ ሰው ጃንጥላውን አጥፎ ይጠመቅበታል። መንገዱ በሙሉ በስብሶ በሚስቅ ሰው ተሞልቷል። ነጠላዋ ሰውነቷ ላይ የተጣበቀ፣ ከሹሩባዋ ውኃ የሚወርድ ሴት በሄድኩበት ሁሉ አለች። በሌላ ቀን ቢሆን አንዲት ልጅ በዚያ ዝናብ ብቻዋን ስትሮጥ ያየ ሰው ምን ሆነች ይል ነበር። የዚያን ዕለት ማንም ዞሮ አያያትም።

ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅሁ። ጧፍ የሚሸጡትን፣ የሚኒባስ ረዳቶቹን፣ ከጸበል የሚመለሱትን። "የውጭ አገር ልጅ አላያችሁም?" ስል ሁሉም አዝኖልኝ፣ ፈረንጅ በዚህ አላለፈችም ይለኛል። ከራጉኤል ወዲያ ወረድ ብሎ አንድ ጸበል አለ። በሩ ላይ ያሉትን አባት ስጠይቅ "የኔ ልጅ፣ ዛሬ እዚህ ፈረንጅ አልመጣም። ብትመጣ ሳናያት እንቀራለን?" አሉኝ። ልክ ናቸው ብዬ ተመለስኩ። ውስጡ በነጭ ለባሽ ጢም ብሎ ነበር።

ሰዓቱ እየገፋ ሄደ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ተማሪዎቹን የያዙት መኪኖች ወደ ከተማ ወረዱ፤ ብሩክና እኔ ቀረን። ፖሊስ መጣ። አንዱ ጥበቃ ይመሻል፣ ጅብ ይወጣል ሲል ብሩክ በዓይኑ ዝም አሰኘው። እኔ ግን ሰምቼዋለሁ።

በዚህ መሃል በሬዲዮ "ፈረንጇ ተገኝታለች" ተባለ። ማን እንደያዘኝ አላውቅም፤ አለቀስኩ፣ አመሰገንኩ፣ የጥበቃዎቹ መኪና ውስጥ ገባሁ። በፓርኩ ሌላኛው ጫፍ ደረስን። አንዲት ፀጉሯ ወርቃማ የሆነ ጎልማሳ ሴት ብስክሌቷን አስደግፋ፣ ከዝናብ ተጠልላ ሻይ ትጠጣለች። ሁላችንም ከመኪናው ተንደርድረን ስንወርድ ደንግጣ ብርጭቆውን አስቀመጠች።

"እሷ አይደለችም" አልኩ። "ልጅቷ ጥቁር ናት። እንደኛው ናት።"

ጥበቃው ዞሮ አየኝ። "እህቴ፣ ታዲያ እኛ ስንፈልግ የዋልነው ማንን ነው?" አለ በቀስታ።

እሱ የተናገረው እንደ ጩቤ ወጋኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ ስንቱ አይቷት ይሆን? ካለፍኳቸው ሴቶች አንዷ እሷ ትሆን? መኪናው ሲመለስ መቀመጫው ላይ ቁጭ ማለት አቅቶኝ ነበር። በዚያው ቅጽበት ትከሻዬ ላይ ያለው ቦርሳ ጮኸ። የክላሪስ ስልክ ነው። "ማማ" ይላል።

ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ። እንደገና ጠራ። አነሣሁት።

ወዲያው "ክላሪስ?" አለች እናቷ።

የሆነውን ነገርኳት። እንግሊዝኛዬ ተሰባበረብኝ፣ ግን ነገርኳት። ከዚያ "ፓፉን ይዛዋለች?" ብላ ጠየቀችኝ።

"እኔ ጋ ነው" አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ቃል የለም።

ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም። "እኔ ከዚህ ልደርስላት አልችልም። እዚያ ያለሽላት አንቺ ነሽ። እባክሽ ስልኩን አትዝጊው" አለችኝ። አልዘጋሁትም። ደረቴ ላይ ሹራቤ ውስጥ ከተትኩት። እሷ ኪጋሊ ሆና የዝናቡን ድምፅ፣ የእኔን ማለክለክ እየሰማች አብራኝ ትፈልጋለች።

ከመኪናው ወርጄ ቀድሞ የጠየቅኋቸውን ሰዎች ደግሜ እየጠየቅሁ ጸበሉ በር ስደርስ ዓይን ለመያዝ ጥቂት ቀርቶታል። አባትዬው ሲያዩኝ "አሁንም ያችኑ ፈረንጅ ነው?" አሉኝ።

"ልጄ ናት" አልኩ። አስቤ አይደለም፤ ሌላ ቃል አልወጣልኝም። "አባቴ፣ ልጄ ጠፍታብኛለች። ጠይም ናት። ሹሩባ ተሠርታለች፣ ነጠላ ለብሳለች። ታማሚ ናት።" ከዚያ ወዲያ መናገር አልቻልኩም። ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ።

አባትዬው ጎንበስ ብለው አዩኝ። "አንደበቷ የተያዘው ልጅ እናት አንቺ ነሽ እንዴ?" አሉ። "ከሰዓት ጀምሮ ወገኖቿን እየጠበቅን አይደለም ወይ!"

ጸበልተኞች የሚያርፉበት የቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ ይዘውኝ ገቡ። ክላሪስ ጥግ ላይ ጋቢ ተጠቅልላ፣ አንዲት አሮጊት ደረት ላይ ተደግፋ ቁጭ ብላለች። አንድ እግሯ ባዶ ነው። ከንፈሯ አመድ መስሏል። በእያንዳንዱ ትንፋሽ ደረቷ ያፏጫል። ስታየኝ እጇን ልታነሣ ሞከረች፤ አሮጊቷ አጥብቀው ይዘዋታል።

ፓፉን ከቦርሳው አወጣሁ። አንድ ጊዜ ነፋሁላት። ጠበቅን። ደገምኩላት። ከዚያ በኋላ ትንፋሿ ትንሽ ከፈት ሲልላት አየሁ። ስልኩን ከደረቴ አውጥቼ ጆሮዋ ላይ አደረግሁት። ክላሪስ መናገር አልቻለችም። እናቷ ግን ያንን ፉጨት ታውቀዋለች። ከስልኩ ውስጥ በማላውቀው ቋንቋ ልቅሶ ተሰማ።

አሮጊቷ እማማ በላይነሽ ይባላሉ። ቆጡኝ። "እስከ አሁን የት ነበርሽ? የታመመች ልጅ ለብቻዋ ይተዋል?" አሉኝ። ከጫካው ስትወጣ እሳቸውና ጓደኞቻቸው ናቸው ያገኟት። ደረቷን እያሳየች ታቃስታለች፤ ጫማዋን ጭቃ በልቶታል። ነጠላዋን አይተው ለጸበል የመጣች መሰለቻቸው። ትኩስ አጥሚት በማንኪያ አጠጧት። እሷ በተቆራረጠ ትንፋሽ በእንግሊዝኛ መድኃኒቴን ስትል ሕመሙ ነው በባዕድ ቋንቋ የሚለፈልፈው ብለው አለቀሱላት። ተነሥታ ልትወጣ ስትል ደግሞ ሕመሙ ወደ ገደል ሊወስዳት ነው ብለው ያዟት።

"እማማ፣ የሰው አገር ልጅ ናት" አልኳቸው። "እንግሊዝኛውን የምትናገረው እሷው ናት። የወለደቻት እናቷ ይቺ ስልኩ ውስጥ ያለችው ናት።"

እማማ በላይነሽ የክላሪስን ፊት አዩ፣ ስልኩን አዩ። "እኔኮ እንዳትጠፋ ነው የያዝኳት" አሉ። "ይቅር በዪኝ ብላለች በያት።"

ነገርኳት። ክላሪስ ራሷን መልሳ እሳቸው ደረት ላይ አሳረፈች። ኋላ እንደነገረችኝ መጀመሪያ እጅግ ፈርታ ነበር። እሳቸው ከኋላዋ ሆነው ቀጥ አድርገው ይዘዋት ቀስ ብለው ሲተነፍሱ እሷም እየተከተለች ለመተንፈስ ትሞክር ነበር። እንደዚያ ነው የቆየችው። ብትወጣ ኖሮ በዚያ ብርድ ወዴት ትደርስ እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ስንወጣ እማማ በላይነሽ የክላሪስን እጅ ወስደው እጄ ውስጥ አስቀመጡት። "ሁለተኛ እንዳትለቂያት" አሉኝ።

ደውዬለት ብሩክ መኪና ለምኖ ደረሰና መገናኛ አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ወሰደን። ኦክስጅን ተደረገላት። ነርሷ መርፌ ልትሰካላት ስትል "እናት፣ እጇን ይልቀቁልኝ" አለችኝ። ሰምቻታለሁ፤ ጣቶቼ ግን አልታዘዝ አሉኝ። ነርሷ ጥቂት ጠበቀችኝና ዞራ በሌላኛው እጇ በኩል ሰካችላት።

ክላሪስ አሁን አገሯ ናት፤ ደህና ናት። እናቷም አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። እኔ ግን ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ስሄድ፣ ገበያም ይሁን ታክሲ ሰልፍ፣ በድንገት እጄን አየዋለሁ። ባዶ ነው። ማንንም ይዤ እንዳልወጣሁ እያወቅሁ እንኳ ልቤ ይደነግጣል፤ ቆሜ ዙሪያዬን አያለሁ።