በሥራ ሰዓት የተነገረ መርዶ

ኮሌጃችን የማኅበራዊ ሥራ ተማሪን ያለ ተግባር ልምምድ ወደ ሦስተኛ ዓመት አያሳልፍም ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን ቢሮ እንውላለን፣ የሠራነውን እንጽፋለን፣ መጨረሻ ላይ አሠልጣኛችን ከፈረመች ክሬዲቱ ይያዝልናል። ካልፈረመች ዓመቱ እንዳለ ይደገማል። እኔን የመደቡኝ ከኢትዮጵያ ጎዳና ትንሽ ዝቅ ብሎ ባለ አንድ የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ፣ ሰዉ በዕብራይስጡ ረቫሓ በሚለው ነበር። ክረምቱን ሙሉ እርጥብ ካፖርት ይሸታል። ገና ደረጃውን ስወጣ ልቤ ይጨልም ነበር።

አሠልጣኜ ክፉ ሴት አልነበረችም። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ግን በየወሩ ግምገማ ላይ ያችኑ ነገር ትጽፍብኛለች፦ "ዓይን ለዓይን አታይም፣ ከባድ ንግግር ትሸሻለች።" እናቴ ትልቅ ሰው ፊት አንገቴን እንድደፋ ስትለፋ የኖረችው ሁሉ በአንድ መስመር ጉድለት ሆኖ አረፈው።

አንድ ሰኞ ፋክስ መጣ። ቂርያት ሃዮቨል ሰፈር ጎረቤታችን የሆኑ፣ ታልፒዮት ሰፈር መጋዘን የሚያጸዱ ሴት፣ ጎንደር ሆነው ወደዚህ አገር ለመግባት ተራ የሚጠብቁትን እናታቸውን ለማስመጣት በእኛ ቢሮ በኩል ይመላለሱ ነበር። እናትየው አርፈዋል ይላል ፋክሱ። ሴትዮዋ ደግሞ ምንም ሳያውቁ፣ ሌላ ወረቀት ሊፈርሙ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠዋል።

"አስገቢያትና ንገሪያት" አለችኝ አሠልጣኜ።

መርዶ እንዲህ እንደማይነገር አስረዳኋት። ዘመድ ተጠራርቶ፣ ሽማግሌ ተይዞ፣ በማለዳ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ነው የሚረዳው፤ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው ግራና ቀኝ ይኖራል። "ወንድማቸውን ላግኝ፣ ጥቂት ቀን ስጪኝ" አልኳት።

"የገዛ እናቷን ሞት መደበቅ መብቷን መንፈግ ነው። አሁንም እየሸሸሽ ነው" አለችኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ያን ጊዜ ያሰብኩት ስለ መብትም ስለ ወግም አልነበረም። ስለ ፊርማው ነበር።

ነገርኳቸው። ፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ በቀትር፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ።

አልጮኹም። ከኋላዬ ሰው የሚገባ መስሏቸው በሩን ተመለከቱ።

"ከማን ጋር ነው የመጣሽ?" አሉኝ።

"ብቻዬን ነኝ፣ እትዬ።"

"ብቻሽን?" ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ። "በይ፣ መስማቴን ወንድሜ እንዳያውቅ። ሽማግሌ ይዞ ሲመጣ ቀድሜ ሰምቻለሁ ብዬ አላዋርደውም።"

አውቶቡስ ድረስ ልሸኝዎ ብላቸው በእጃቸው ከለከሉኝ። አሠልጣኜ የዚያን ወር ግምገማ ላይ "ትልቅ እርምጃ" ብላ ጽፋ ፈረመች። ደስ አለኝ። አፍሬም ደስ አለኝ።

ወንድማቸው ለካ ወሬውን ከጎንደር በስልክ ሰምቶ ዘመድ እያሰባሰበ ኖሯል፤ መርዶው ለዓርብ ተቀጥሯል። እስከዚያ ሴትዮዋ ሥራቸውን ይገቡ ነበር። ማክሰኞም ረቡዕም አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አገኘኋቸው። "ደኅና አደርሽ ልጄ" አሉኝ፣ እንደ ወትሮው። አንገቴን ደፍቼ እጅ ነሣሁ።

ዓርብ በማለዳ እኔና እናቴ ከጎረቤቱ ጋር ሴትዮዋ ቤት ገባን። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው "ልጄ፣ እንግዲህ እናትሽ..." ከማለታቸው ሴትዮዋ ጮኹ። አራት ቀን ያፈኑት ልቅሶ ገነፈለ። ሽማግሎቹ ተያዩ። ወንድማቸው እያቀፋቸው "ማነው የነገረሽ?" አለ።

"ማንም። ሌሊት በሕልሜ መጥታ ተሰናበተችኝ" አሉ።

እሱ ግን አላመነም፤ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ እዚያ ቢሮ ነው የምትውይው አይደል? የሰማሽው ነገር ነበር?"

እናቴ ትኩር ብላ አየችኝ። "አልሰማሁም" አልኩ። ከዚያም ነጠላዬን ፊቴ ላይ ስቤ፣ መርዶውን ገና እንደሰማ ሰው ከሰዉ ጋር አለቀስኩ።