አንድ ሚሊዮን አንድ

ዛሬም ለሥራ ወዳደግኩባት ወርቃ ብቅ ስል፣ ከቡና ማጠቢያው ሥር የተቆለለው የእሸት ቡና ልጣጭ ግማት ገና ከመኪና ሳልወርድ ይቀበለኛል። ሰው የልጅነቱን ሽታ ይናፍቃል ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔ ግን ይቀፈኛል።

ቡና በሚለቀምበት ወቅት ቤታችን በዚያ ግማት ታፍኖ ይከርም ነበር። በጋው ገፋ ብሎ እናታችን ከጎረቤት ሴቶች ጋር እንሰት መፋቅ ስትጀምር፣ ታላቅ እህቴ አስቴር ፋታ ባገኘች ቁጥር ሚስማር አንስታ በእንሰት ቅጠል ላይ ሒሳብ ትጭር ነበር፤ ጭረቱ ቶሎ ስለሚጠቁር ከሩቅ ይነበባል። እናቴም ቅጠል ጨረሰችብኝ እያለች ታሾፍባት ነበር።

የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሲቃረብ፣ የሒሳብ መምህሯ አንድ ሚሊዮን አንድን ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ ከአንድና ከራሱ በቀር ለየትኛውም ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈል ብቸኛ ቁጥር ነው አለ። ለካ እስከ አሥራ ሦስት ሞክሮ ሰልችቶት ነው የተወው። አስቴር ከአሥራ ሰባት ጀምራ፣ ቅጠል በቅጠል ላይ እየደረበች ስትሞክር ሰንብታ፣ መቶ አንድ ላይ ስትደርስ ምንም አልተረፈም። መቶ አንድ ሲባዛ በዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ! ደስታዋ አላስቻላትም፤ ቅጠሉን ጠቅልላ ሄዳ በተማሪው ሁሉ ፊት አሳየችው። እሱ ግን አባዝቶ እንኳ ሳያይ ቅጠሉን በመስኮት ወርውሮ፣ ወላጅ ካላመጣሽ ክፍል አትገቢም፣ ለፈተናም አትቀመጪም አላት።

አባቴ ማባዛት ያውቅ ነበር፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ራሱ አባዝቶ ልክ መሆኗን ካየ በኋላ፣ እናቴ ለበዓል ያስቀመጠችውን ቡላ አስጠቅልሎ፣ እኔንም አስከትሎ መምህሩ ቤት ወሰዳት። መንገድ ላይ «መምህር አይሳሳትም አላልኩሽም፤ በሰው ፊት አይታረምም ነው ያልኩሽ» አላት።

የመምህሩ ሚስት ቡላውን አገንፍታ አቀረበች። እሱ ቅቤው በአገጩ እየወረደ ሲሰለቅጥ፣ እህቴ እንደቆመች «ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ተሳስቼ ነው» አለች። አፉን እንኳ ሳይጠርግ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ አላትና ደገመችው። አባቴም ደግ አደረግሽ ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። ኤጭ! ሁለቱም አስጠሉኝ።

ክረምቱ ሲገባ ፈተናውን ማለፏ ተሰማ፤ በሚቀጥለው በጋ ግን እንሰቱ ሲፋቅ ሚስማሩን አላነሳችም። ከዚያም በኋላ አላነሳችም።

አምና አባታችን ሲሞት ያ መምህር ለቅሶ መጣ። አስቴር እጁን ስታስታጥበው ግራ ቀኙን አየና፣ በሹክሹክታ «ያ ቁጥር ለካ ይካፈላል፤ ልክ ነበርሽ» አላት።

«የቱ ቁጥር?» አለችው እህቴ፤ ፎጣውን አቀብላው ወደሚቀጥለው ለቀስተኛ አለፈች። የምሯን ነበር፤ ረስታዋለች።

ዛሬ ዲላ የምትማረው ልጄ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ይሄ ልክ አይደለም» ትላለች፤ መምህሯም ስልኩን አውጥቶ ያይና እውነትሽን ነው ይላታል፤ ክፍሉ ትንሽ ይስቃል፤ ትምህርቱም ይቀጥላል። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነበር።