ሞተሩን ጭኜ ወደ ሐሙሲት

ንጋት 12 ሰዓት፣ ርብ ወንዝ ዳር

ብርሃኑ ገና ሳይጠራ የውኃ ሞተሩን በባለጋሪው በሞላ ጋሪ ላይ ጫንነው። ሞተሩ የእኔና የደሴ፣ የባለቤቴ ወንድም፣ የጋራችን ነው፤ ሽንኩርቱ ግን የየራሳችን። የእኔ ሽንኩርት ውኃ ከቀመሰ ዛሬ ስድስት ቀኑ ነው። ራስ መቋጠር ሲጀምር ውኃ ያጣ ሽንኩርት ብዙ አይታገሥም። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ትናንት መደቡን ዞራ አየችና፣ “ነገ ካልጠጣ ለከብት እጨደው” አለችኝ። እሷ ነገር አታሳምርም። እኔም አላሳምርም፤ ተስማምተን የኖርነው ለዚሁ ነው።

ይህ ሞተር ውኃ እያፈሰሰ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ወረታ ሄዷል። ሦስቴም “ተሠርቷል” ተብዬ ተመልሻለሁ።

እስከ አስፋልቱ ድረስ ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ውኃ ይተኛበታል፣ በጋ ይሰነጠቅና የፈረሱን እግር ይይዛል። ግራና ቀኙ የታጨደ ሩዝ፣ ዥጉርጉር ላሞች፣ ከላሞቹ ሥር ነጫጭ ወፎች።

“አያ ስማቸው፣ ዘንድሮ ከባለቤትህ ይልቅ ይህን ሞተር ነው ያቀፍኸው” ይለኛል ሞላ።

“እሷ አታፈስማ” አልሁት።

ጠዋት 2 ሰዓት፣ ወረታ

መገንጠያው ላይ የጭነት መኪናና ባጃጅ ተፋጠዋል፤ ከሩዝ መፈልፈያዎቹ የሚወጣው ብናኝ ዓይን ያቃጥላል። ፊደል የቆጠርሁት ልጆች ከወለድሁ ወዲያ ስለሆነ ሰሌዳ ሳላነብ አላልፍም። “ጥራት መለያችን ነው” የሚል አንብቤ አንድ ሻይ ቤት ገባሁ። ጠረጴዛው አንድ እግሩ አጥሮ ካርቶን ተደግፏል። ሻዩ ለብ ብሏል። የመጸዳጃ ቤቱን በር በእጄ ይዤ ነው የተቀመጥሁት። ትኩስ ሻይ፣ የማይወዛወዝ ጠረጴዛ፣ የሚዘጋ በር፤ ሌላ ምን ጠየቅሁ?

ከዚያ ጋራዥ ስደርስ መካኒኩ ገና ሲያየኝ ይስቃል። “አምጣው አባቴ፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።”

“ባለፈውም ግማሽ ሰዓት ነበር።”

ሲፈታው ጎንበስ ብዬ የባለፈውን ሥራውን አየሁ። ውኃ እንዳያፈስ የጎማ ቀለበት በሚገባበት ቦታ ፌስታል ጠቅልሎበታል። ከአራቱ ቡሎኖች አንዱ የለም፤ በሽቦ ታስሯል።

“ይህ ሽቦ ምንድን ነው?”

“ለጊዜው ነው። ምንም አይልም።”

“ምንም ካላለ እኔ ምን ልሠራ መጣሁ?”

በዙሪያው ያሉት ሳቁ፣ እሱም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። “ምንም አይልም” ያለኝ አናጢ የሰቀለው በር እስከ ዛሬ ድረስ ድንጋይ ተደግፎ ያድራል። ሞተሩን መልሼ ሳስጭን አንድ የመፈልፈያ ቤት ዘበኛ ጠራኝ። ሐሙሲት ሐጂ ኑሩ የሚባሉ ሰው እንዳሉ ነገረኝ። “ቀስ ይላሉ፣ ያስመርሩሃል። የነኩት ግን ተመልሶ አይመጣም” አለ።

3 ሰዓት ተኩል፣ ሚኒባስ ላይ

ረዳቱ የሞተሩንም ክፈል አለኝ፣ እንደ አንድ ሰው።

“እንግዲያውስ ወንበር ስጠው” አልሁት። ጣሪያ ላይ በአንዲት ሲባጎ አሰረው። ጉማራ ድልድይ ጋ አስቁሜ ወጣሁና ራሴ ደግሜ አሰርሁት፤ ተሳፋሪው ሁሉ አጉረመረመ። ከመንገዱ ዳር አስፋልቱ ላይ ሩዝ እንዲደርቅ ተሰጥቷል፣ ጎማ ይሄድበታል። ነገ ጠጠር ጥርሱን ሲሰብረው፣ ያሰጣው ራሱ ባለመፈልፈያውን ይሰድባል።

5 ሰዓት፣ ሐሙሲት

ሐጂ ኑሩ ነጭ ቆብ አድርገዋል፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አስረዋል። ከሱቃቸው ፊት ውኃ የተሞላ በርሜል አለ። ሞተሩን ፈቱና እያንዳንዷን ቡሎን በወጣችበት ቅደም ተከተል ከረጢት ላይ ደረደሯት።

“ሐጂ፣ ቶሎ ይድረሱልኝ። ሽንኩርቴ እየሞተብኝ ነው።”

“ማን ገደለው?” አሉ ቀና ሳይሉ። ከዚያ ውስጡን በጣታቸው ዳሰው አሳዩኝ። ብረቱ ተፍቋል። “አሸዋ በልቶታል። ቱቦው አፍ ላይ ወንፊት ነበረው፤ የት አለ?”

“ነቅዬ ጣልሁት።”

“ለምን?”

“ውኃ ያሳንሳል። ርብ ዳር ሁላችንም ነቅለነዋል። የማዳበሪያ ከረጢት አስረን ቱቦውን አሸዋው ላይ እናስተኛዋለን።”

“ምንም አይልም ብላችሁ” አሉ።

ፊቴ ሞቀ። ከጠዋት ጀምሮ ሰው ስሰድብ ነበር የመጣሁት።

“ያለ ወንፊት ሞተሩን አልሰጥህም” አሉና መፍቻቸውን ያዙ።

አዛን ተሰማ። ሐጂ መፍቻውን አስቀመጡ፣ ዕቃውን በጨርቅ ሸፍነው ወደ መስጊድ ሄዱ። ሞተሬ እንደታረደ በግ ተዘርግቷል፣ ፀሐዩ አናት ላይ ነው፣ የወረታ ሚኒባሶች አንድ በአንድ ያልፋሉ። የጎረቤቱ ሱቅ ሰው ብቅ አለ። “እሳቸው ሳይመለሱ ልግጠምልህ? ቶሎ ትሄዳለህ።”

ስለ ሽንኩርቴ አሰብሁ። ተነሣሁ፣ ጨርቁን ያዝሁ። ከዚያ ለቀቅሁትና ተመልሼ ተቀመጥሁ።

ሐጂ ተመልሰው አዲስ ቀለበት ከተቱ፣ አራተኛውን ቡሎን አሰሩ፣ ወንፊት ገጠሙ፣ በርሜሉ ላይ አስነሡት። ውኃው ክንድ አክሎ ወጣ። ልጭን ብድግ አልሁ።

“ተቀመጥ። ሲግል ነው ጉዱ የሚታወቀው።”

እስኪግል ጠበቅን። አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም።

10 ሰዓት ተኩል፣ ርብ

ደሴ ወንዙ ዳር ቆሞ ጠበቀኝ። “ቱቦውን አሸዋው ላይ ጣለው በቃ፤ ቀኑ እየመሸ ነው። ወንፊቱን ነገ ታስተካክለዋለህ።”

ባላ እንጨት ቆርጬ ወንዙ ውስጥ ተከልሁ፣ የቱቦውን አፍ ከአሸዋው ከፍ አድርጌ ባላው ላይ አሰርሁ። ሥሩ ጭቃ ስለሆነ እንጨቱ ያጋድላል። ጥሩወርቅ ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ጉልበቷ ገባችና ያዘችው። ሞተሩ ተነሣ።

“ይኸው፣ ወንፊቱ ውኃውን አቀጠነው” አለ ደሴ።

“ቀጥኖ ይድረስ።”

መደብ ለመደብ ተከተልሁት። ከዳር ያሉት ሁለቱ መደቦች አልቀዋል፤ ስነቅላቸው ሥራቸው እንደ ገለባ ደርቋል። ፀሐይዋ ጣና ላይ ስታዘቀዝቅ የቀሩት አሥራ አንዱ ጠጥተዋል፣ አፈሩ ጠቁሯል። የእነዚህን ሽንኩርት ለገበያ አደርሳለሁ።

“ነገ የአንተ ተራ ነው” አልሁት ደሴን። “ወንፊቱን ከነቀልህ ግን ሞተሩ ከቤቴ አይወጣም።”

“የሁለታችን ነው እኮ።”

“ነው። ለዚያ ነው የምነግርህ።”

ደሴ ጫማውን አወለቀና ወንዙ ገባ። “ውጪ አንቺ፣ ይበርድሻል” ብሎ እንጨቱን ከጥሩወርቅ ተቀበለ።