የገለባ ጣውንት

ሎሬታ እስከ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ድረስ የራሷ የምትለው ደጅ አልነበራትም። ከተማ ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ባለ የኪራይ ክፍል እየኖረች፣ የሰው አንሶላ ስትተኩስ ነው ዕድሜዋ ያለፈው። ጥቅምት በመጣ ቁጥር ከአውቶቡስ መስኮት የሰዉን ደጅ ታያለች፤ ደረጃው ላይ ዱባ ተደርድሯል፣ ምሰሶው ላይ የበቆሎ አገዳ ታስሯል፣ በሩ ላይ የቀይ ቅጠል ጉንጉን ተሰቅሏል። «ወይ መታደል!» ትላለች ለብቻዋ።

በመጨረሻ ቀናት። አልደን የሚባል፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ የተማሪዎች አውቶቡስ ነጂ አገባትና ቬርሞንት ውስጥ ተራራ ሥር ወዳለው ነጭ ቤቱ ይዟት ሄደ። ቤቱ በረንዳ አለው። ምን የመሰለ በረንዳ! ሎሬታ አስቀድማ የወደደችው ባሏን ይሁን በረንዳውን እሷም በደንብ አታውቀውም።

ግን ምን ያደርጋል፤ በረንዳው ባለቤት ነበረው።

በመጀመሪያው መጸው አልደን ከጎተራው አንድ ሣጥን አውጥቶ ከፈተ። የራሱ አሮጌ ቱታና የሟች ሚስቱ የኔቲ ሰማያዊ ካፖርት ወጣ። እዚያ አገር ሰው በአሮጌ ልብስ ውስጥ ገለባና ደረቅ ቅጠል ጠቅጥቆ፣ ባርኔጣ ደፍቶለት፣ ለመኸሩ ጌጥ ብሎ ደጁ ላይ ያስቀምጣል። አልደንም ጠቀጠቀ። የገለባ ባልና የገለባ ሚስት ጎን ለጎን ወንበር ያዙ። የሴቲቱ ቀኝ እጅ ሰላም እንደሚል ሰው በሽቦ ወደ ላይ ተነሥቷል።

«ኔቲ እንደዚህ ነበር የምታደርገው» አላት።

«ያምራል» አለች ሎሬታ። ቆሽቷ ግን ድብን አለ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ የአልደን ቢጫ አውቶቡስ በደጅ ሲያልፍ፣ ጲጵ ጲጵ! ሎሬታ «ለእኔ ነው!» ብላ እጇን እንኳ ሳታደርቅ ከማድ ቤት ሮጣ ወጣች። ልጆቹ በመስኮት ተንጠልጥለው «ኔቲ! ሰላም ኔቲ!» ይላሉ። ለካ ክላክሱ ለገለባዋ ኖሯል!

ነገሩን የነገረቻት ማዶ ያለችው አሮጊቷ ዊኒ ናት። «ኔቲ በመጨረሻዋ መጸው ታማ፣ ካፖርቷን ለብሳ እዚያ ወንበር ላይ ትውል ነበር፣ የኔ ልጅ። አልደን ሲያልፍ ክላክስ ያደርግላታል፣ እሷም እጇን ታነሣለች። ልጆቹም ለመዱት። እሱም መተው አልሆነለትም» ብላ አለቀሰች። ሎሬታም አብራ አለቀሰች። እንባዋ እውነተኛ ነው፤ ሆዷ ግን «ታማም እንኳ ክላክስ ይደረግላት ነበር!» ይላል። በበሽታ ይቀናል? እሷ ቀናች፤ እግዜር ይቅር ይበላት።

ገለባዎቹ ወደ ሣጥኑ ከተመለሱ ወዲያ በበረዶው ወራትም፣ በረዶው ቀልጦ ሣሩ ሲለመልምም፣ አንዲት ክላክስ አልሰማችም። አልደን ክፉ ባል አይደለም። እንጨት ይፈልጣል፣ እግሯ ሲበርዳት ያሞቅላታል፣ የሠራችውን ይበላል። ብቻ ቃል አይወጣውም። ሎሬታም ከምንም በላይ ያቺን ጲጵ ጲጵ ተመኘች።

ሁለተኛው መጸው ሲመጣ «ዘንድሮ ደጁ የኔ ነው» ብላ ተነሣች። ዱባዎቹን አንድ በአንድ በኮምጣጤ ወልውላ ደረደረች። አደይን የሚያስንቅ ቢጫ አበባ በደረጃው ግራና ቀኝ አስቀመጠች። አልደን እንደ አምናው ወንበር ላይ ያስቀመጣት ገለባዋ ሴትዮ ዘንድ ስትደርስ ሰማያዊውን ካፖርት ገፍፋ ጣለችና የራሷን ቀይ ካፖርት፣ የተዳረችበትን፣ አለበሰቻት። አሁን እንግዲህ ማን እንደሆነች ይወቁ!

ዊኒ መኪናዋን አቁማ አንገቷን አወጣች።

«ውይ፣ ኔቲ ዘንድሮ ቀይ ለበሰች! እንዴት አማረባት እናንተ!»

ሎሬታ ፈገግ አለች፤ ጥርስ ባዳ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ ካፖርቷንም ቀሟት!

በማግሥቱ አውቶቡሱ ሊያልፍ ሲል ጣውንቷን ከወንበሩ ነቅላ፣ ካፖርቷን አውልቃባት፣ እየጎተተች ጎተራ ወረወረቻት። ቀዩን ካፖርት እሷው ለበሰችና ከገለባው ባል ጎን ቁጭ አለች። ባርኔጣ አላደረገችም። ፊቷ እንዲታይ ነው።

አውቶቡሱ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። ቀረበ። አልደን አያት፤ ዓይን ለዓይን ተያዩ።

አለፈ። ጲጵ የለም።

ሎሬታ ደሟ ፈላ። ዘላ ተነሣችና ያንን በኮምጣጤ የወለወለችውን ዱባ አንሥታ ከአውቶቡሱ ኋላ ለቀቀችው። ዱባው አስፋልቱ ላይ ተፈረከሰ። ፍሬኑ ጮኸ፤ ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም አለ። የተማሪዎች አውቶቡስ ቀይ ካበራ ከፊትም ከኋላም መኪና ንቅንቅ አይልምና መንገዱ ቀጥ አለ። ከኋላ ከቆሙት አንዷ፣ መቼም አትጠፋ፣ ዊኒ ናት።

የአውቶቡሱ በር ተከፈተ። አልደን ልጆች ይዞ መውረድ አይፈቀድለትም፤ ከመሪው ላይ ሆኖ ጮኸ።

«ሎሬታ! ምን ነካሽ?»

«ምን ነካኝ? ለገለባ ጲጵ ጲጵ ስትል ትከርማለህ፣ ለእኔ ሲሆን ክላክስህ ይበላሻል? ከገለባ አነስኩ?»

«ኦኦኦ!» አሉ ልጆቹ ባንድ አፍ።

አልደን ፊቱ ቲማቲም መሰለ። አንዴ ልጆቹን፣ አንዴ የቆሙትን መኪናዎች አየ። ከዚያ ማንንም ማየት ተወ።

«ከመታጠፊያው ጀምሮ አይቼሻለሁ» አለ። «ክላክስ ላደርግ እጄን ዘረጋሁ። እዚያ ወንበር ላይ አንቺን ሳይ እጄ ከዳኝ። ኔቲ እዚያ ተቀመጠች፣ ከዚያ ወዲያ አልተነሣችም። በፈጠረሽ ሎሬታ፣ አትቀመጪበት። ገለባውን መልሺው። ገለባ አይሞትም።»

ሎሬታ የበረንዳውን ምሰሶ ከነአገዳው ጨመደደችው። ዓመት ሙሉ ስትቀናበት የከረመችው ወንበር ያ ነው።

«ቆሜያለሁ እኮ» አለች። «ይኸው፣ አልደን፣ ቆሜያለሁ።»

ከፊተኛው መስኮት ጥርሷ የወለቀ ሚጢጢ ልጅ ጣቷን ቀሰረች። «ሚስተር አልደን፣ ይቺ ማናት?»

«ሚስቴ ናት» አለ አልደን። «ሎሬታ ትባላለች።»

«ሰላም ሎሬታ!» አውቶቡሱ ተናጋ። ሎሬታ እጇን አነሣች። በሩ ተዘጋ፣ መኪናዎቹ ተንቀሳቀሱ፣ አውቶቡሱም መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ጲጵ ጲጵ አለ።

ከዚያ ሎሬታ ጎተራ ገባች። ገለባዋን ሴትዮ አንሥታ አራገፈቻት፣ ሰማያዊ ካፖርቷን አለበሰቻት፣ ብርድ እንዳያገኛት ይመስል እስከ አንገቷ ቆለፈችላት፣ ወስዳም ቦታዋ ላይ አስቀመጠቻት። ወንበሩን ግን አዙራ ፊቷን ወደ ጎተራው አደረገችው።

«አንቺ ዕረፊ» አለቻት። «መንገዱን እኔ አየዋለሁ።»