ከሻምበሉ የተረፉ ሁለት ሰዎች

አየነው መጽሐፉን ያገኘው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር መጻሕፍት አንጥፎ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ ነው። ሽፋኑ ላይ ጃንጥላ የታጠቁ ወጣቶች ከአንቶኖቭ አውሮፕላን አጠገብ ተሰልፈዋል። ፊታቸውን ሳያይ አቋቋማቸውን አወቀው። በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ እሱ ራሱ የነበረበት የአየር ወለድ ሻምበል ታሪክ ነበር።

ያን ጊዜ ገና ጢም ያላወጣ ልጅ ነው። ከጠላት ጀርባ በዘለሉ ማግስት ጭኑን ተመታና ራሱን ሳተ፤ የነቃው ሆስፒታል ነው። ከዚያ ወዲያ ለጦር አልሆነም። ድሬዳዋ ፋብሪካ ጥበቃ ተቀጠረ፣ አገባ፣ ጡረታ ወጣ። ልጅ አልወለዱም፤ ባለቤቱ ከሞተች ወዲህ ሳቢያን ሰፈር ባለችው ቤቱ ብቻውን ነው። ጎረቤቶቹ ደጎች ናቸው፣ ምሳም ይልኩለታል። ስለዚያ ጦርነት ሲያነሳ ግን ወሬውን በዘዴ ወደ ሌላ ይወስዱበታል። እሱም ማውራቱን ከተወ ቆየ።

መጽሐፉን ገጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን እያዞረ ቀስ ብሎ አነበበው። መሃሉ ላይ የራሱን ስም አገኘ። ቆስሎ፣ ደሙ ፈስሶ ሞተ ይላል። ሳቁ መጣና የሚያካፍለው ሰው ፈልጎ ዞር አለ፤ ቤቱ ባዶ ነው። ይህን ማን ነገራቸው ብሎ ቢያይ፣ ሳላሀዲን። ከሥሩ የቅርብ ጊዜ ፎቶው አለ፤ ፂሙን ሂና ተቀብቶ በሩ ላይ ተቀምጧል። አሁን ከድሬዳዋ ወጣ ብላ ባለችው ቢዮ አዋሌ እንደሚኖርም ተጽፏል።

ሳላሀዲን ደብረ ዘይት ሲሠለጥኑ አንድ ድንኳን ያደረ፣ ከአውሮፕላኑም ተከትሎት የዘለለ ጓደኛው ነው። አየነው ከሞቱት ቆጥሮት ኖሯል። ቢዮ አዋሌ ደግሞ ለሠርግም ለለቅሶም ስንቴ ሄዷል።

በማግስቱ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ መጽሐፉን በፌስታል ይዞ ሚኒባስ ተሳፈረ። ቤቱን ለማግኘት አልተቸገረም። የሳላሀዲን ልጅ ሀምዲያ በር ላይ ተቀበለችው፤ የአባቷ ዓይን ከጠፋ መቆየቱን፣ ጆሮው ግን ደህና መሆኑን ነገረችው። ሳላሀዲን መደቡ ላይ ትራስ ተደግፎ ነበር።

"አየነው ነኝ" አለው።

ሳላሀዲን አላመነውም። መጽሐፉ ከወጣ ወዲህ ሰው እንደሚመላለስበት፣ ቀልደኛም እንደማይጠፋ ተናገረ። አየነው ስለ ድንኳኑ፣ ከመዝለላቸው በፊት ስለተካፈሏት ሲጋራ አነሳ። ሳላሀዲን ግን ያን ሁሉ ለጸሐፊው መንገሩን፣ ያነበበ ሁሉ ሊለው እንደሚችል መለሰለት።  አየነው አጠገቡ ተቀመጠና የሳላሀዲንን እጅ ይዞ የራሱ ጭን ላይ ካለው የቁስል ጉድጓድ አሳረፈው። ያን ቁስል ራሱን ከመሳቱ በፊት ያሰረለት ሳላሀዲን ነበር።

እጁ እዚያው ቆየ። ጣቶቹ ጠባሳውን ዳር ዳሩን ተከተሉት።

"ድሬ ነው የምትኖረው?" አለው ሳላሀዲን በመጨረሻ።

"አዎ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሆስፒታል ከወጣሁ።"

"አልፈለግከኝም?"

"የሞትክ መስሎኝ።"

"ማን ነገረህ?"

የነገረው ሰው አልነበረም። መርዶውን መስማት ፈርቶ ማንንም ጠይቆ አያውቅም።

ሳላሀዲን እጁን ሰበሰበ። "እኔ ሰደቃ ባወጣሁ ቁጥር ስምህን ስጠራ ኖሬያለሁ" አለ። "ሞቶ ነው ያልመጣው እል ነበር። ለካ ኖረህ ነው።"

ሀምዲያ ሻይ በወተት አቀረበች። አየነው ትኩሱን ጠጥቶ ተነሳ፤ ስልክ ቁጥሩን ሰጥቷት ወጣ። ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኑ የተቀመጠች ሴት አሞህ ነው ወይ ብላ እስክትጠይቀው ድረስ ማልቀሱን አላወቀም።

ከሳምንት በኋላ ሀምዲያ ደወለች። የተማረችው በኦሮምኛው ቁቤ ስለሆነ የአማርኛውን ፊደል እንደልብ አትገፋውም፤ አባቷ ደግሞ ታሪኩን የነገረበትን መጽሐፍ እስከ ዛሬ ያነበበለት ሰው የለም። እንዲያነብለት ጠየቀችው። አባትሽ ነው የላከሽ ቢላት፣ ቅዳሜ ይመቸው እንደሆነ መልሳ ጠየቀችው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሄዳል። ሀምዲያ በርጩማ ታቀርብለታለች፤ እሱ ያነባል። ሳላሀዲን የሟች ጓዶቻቸውን ቀልድና ጨዋታ ሲሰማ ይስቃል፣ አንዳንዴ ያቋርጠውና ይጨምርበታል፤ ያኔ ሁለቱ ለጥቂት ጊዜ እንደ ድሮው ይሆናሉ። መጽሐፉ ሲከደን ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው ይመልሳል። አየነው ብሎ በስሙ ጠርቶት አያውቅም።

አሁን ከመጽሐፉ የቀረው ጥቂት ነው። አየነው በየቅዳሜው የሚያነበውን እያሳነሰ፣ ያነበበውንም መልሶ እያነበበ መጥቷል። ሳላሀዲን ይህን ሳያውቅ አልቀረም፤ እስካሁን ግን ምንም አላለውም።