ከብራክስተን ቀጥሎ የሚመታው ሰው

ዌንደል ፕሩዊት በታችኛው ሊግ ቤዝቦል ዘጠኝ የጨዋታ ዘመን አሳልፏል። በእነዚያ ዘመናት ሁሉ አብሮት ፎቶ ለመነሣት የተሰለፈ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ላሳንሰው አይደለም። ኳስ በዱላው በወጉ ይመታል፣ የቀኙን ሜዳ በንቃት ይጠብቃል፣ በአውቶቡስ ረጅም ጉዞ ላይ አያንኮራፋም፤ እንደ እኛዋ ባለች አነስተኛ የአላባማ ከተማ ከአንድ ተጫዋች ከዚህ በላይ የሚጠይቅ የለም። ችግሩ ዕድሜው ሃያ ዘጠኝ መሙላቱ፣ ሃያ ዘጠኝ ደግሞ በዚህ ሥራ የሽማግሌ ዕድሜ መሆኑ ነበር።

በጥር ወር ከሚስቱ ከካርሊን ጋር ቁጭ ብለው ተነጋግረው ነበር። በዚህ ዓመት ወደ ላይኛው ሊግ ካልተጠራ ዱላውን ሰቅሎ ከወንድሟ ጋር የጣሪያ ሥራ ሊጀምር ተስማምተዋል። ካርሊን ጨካኝ ሆና አይደለም። ሁለት ልጆችን በየዓመቱ ግማሹን ጊዜ ብቻዋን ስታሳድግ የኖረች ሴት ናት፤ መታገሥ የምትችለውን ያህል ታግሣለች። በሐምሌ አጋማሽ የላይኛው ቡድን አንድ ተጫዋች ቁርጭምጭሚቱን ተሰበረ። ምትኩ ሰኞ እንደሚመረጥና የዌንደል ስም እንደተነሣ አሠልጣኙ ሃርላን ቦይድ ጠጋ ብሎ ነገረው። እስከዚያ ድረስ ከጎረቤታችን ከስዊንተን ቡድን ጋር ከሐሙስ እስከ እሑድ በሚደረጉት ጨዋታዎች መምታት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሳይጎዳ መቆየት ነበረበት።

ሳይጎዳ መቆየት ከብራክስተን ሌድፎርድ ቀጥሎ ለማይመታ ሰው ቀላል ነገር ነው።

ብራክስተንን የማያውቅ በአላባማ ቢኖር አራስ ሕፃን ብቻ ነው። የራስ ቁር አጥልቀው፣ ኳሱን በእጅ ታቅፈው የሚላተሙበትን የእኛን እግር ኳስ በትልቁ ሊግ ሰባት ዓመት ተጫውቶ ዋንጫ አንሥቷል፤ ፊቱ ከቁርስ እህል ካርቶን ጀምሮ በየአውራ ጎዳናው ተለጥፏል። በሠላሳ ሁለት ዓመቱ ከእግር ኳስ ሲሰናበት፣ የልጅነት ሕልሜ ቤዝቦል ነበር ብሎ ወደ እኛ መጣ። ዱላውን እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው ይሰነዝራል፤ ኳሱ አብዛኛውን ጊዜ ሳይነካው ያልፋል። ይሁን እንጂ ባዶ ሆኖ የኖረው መቀመጫችን እርሱ ከመጣ ወዲህ እስከ አጥሩ ጢም ይላል። ስለዚህም ባለቤቶቹ በየቀኑ እንዲሰለፍ አዘዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያበሽቀው ጥሩ ሰው መሆኑ ነው። ለቡድኑ ሁሉ የተጠበሰ የጎድን አጥንት ያስመጣል፤ የዌንደልን ልጆች ስም ያውቃል፤ ሲሳሳት ወዲያው ይቅርታ ይጠይቃል። ዌንደል በቅጡ ሊጠላው ስንት ጊዜ ሞክሮ አቅቶታል።

ሐሙስ ዕለት ብራክስተን እንዴት እንደሆነ ሳይታወቅ ከሯጭ ማረፊያዎች የመጨረሻው ወደሆነው ሦስተኛ ቤዝ ደረሰ። ቀጥሎ ዌንደል ሲመታ ነጥብ ወደሚያስገኘው የመነሻ ሰሌዳ መሮጥ ጀመረ። የስዊንተኑ ኳስ ተቀባይ ኦረን ማዶክስ ኳሱን ይዞ እየጠበቀው ነበር። እንዲህ ሲሆን ሯጭ መሬት ለመሬት ይንሸራተታል፤ ተቀባዩን ገጭቶ ማለፍ በደንቡ ከተከለከለ ቆይቷል። ብራክስተን ግን አንገቱን ቀበረ፣ ትከሻውን አስቀደመ፤ ኦረን እንደ ባዶ ጆንያ ተወረወረ። ዳኛው የብራክስተንን ሩጫ ውድቅ አደረገው፤ ሕዝቡ ደግሞ የእግር ኳስ ዘመኑ የተመለሰ መስሎት ቆሞ አጨበጨበ። ብራክስተን ኦረንን ደግፎ አነሣው፣ አቧራውንም አራገፈለት፤ የኦረን ትከሻ መውለቁን ያወቀው በኋላ ነው።

በልብስ መቀየሪያው ክፍል ዌንደል አጠገቡ ተቀመጠ።

«ለኦረን ብድር ነገ በኳስ ይመቱናል» አለው።

«ይምቱኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«አንተንማ አይነኩህም። በሚቀጥለው ሳምንት እነሱ ሜዳ ነን፤ ትኬታቸው ያለቀው ባንተ ስም ነው። የሚመቱት ካንተ ቀጥሎ የሚቆመውን ነው።»

ብራክስተን ግንባሩን ቋጥሮ አሰበ። «ከእኔ ቀጥሎ ማነው የሚቆመው?»

ዌንደል አየው። አሁንም አየው። በመጨረሻ ብራክስተን እጁን አፉ ላይ ጫነ።

ዓርብ ዕለት ብራክስተን ነገሩን በራሱ መንገድ ሊያስተካክል ቆርጦ መጣ። ወደ ሰሌዳው እጅግ ተጠግቶ፣ ግማሽ አካሉን ኳሱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ዘርግቶ ቆመ፤ ምቱኝ ብሎ መለመን ብቻ ነበር የቀረው። የስዊንተኑ ኳስ ወርዋሪ ግን ከእርሱ እጅግ አርቆ ስለወረወረ ተቀባዩ እየሮጠ ያመጣው ነበር። አራት ጊዜ እንዲሁ ከሆነ በኋላ፣ ደንቡ እንደሚያዘው ብራክስተን በነፃ ወደ አንደኛ ቤዝ ሄደ። ሕዝቡ ለዚህም አጨበጨበ።

ከዚያ ዌንደል ቆመ። የኦረን ተተኪ ሆኖ የገባው ተቀባይ ጭምብሉን ሳያነሣ በዝግታ አናገረው።

«ታፋህ ላይ ነው ወንድሜ። አትላወስ፣ በአንድ ይገላግልህ።»

ዌንደል ራሱን ዝቅ አድርጎ አመሰገነው። ከወገብ በታች የሚያነጣጥር ወርዋሪ ጨዋ ሰው ነው፤ በዚህ አገር የኳስ ሜዳዎች እንዲህ ያለው ነገር ከአያቶች ጀምሮ በዚሁ አኳኋን ሲፈጸም ኖሯል። ኳሱ መጣና ታፋው ላይ አረፈ። ዌንደል አልጮኸም፤ የተመታውን ቦታም አላሸም፤ ማሸት ያስንቃል። ዱላውን አስቀምጦ ወደ አንደኛ ቤዝ ማዝገም ጀመረ። የኦረን ትከሻ በእርሱ ታፋ ተከፍሏል፤ ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት።

ብራክስተን ግን ያደገው ጓደኛ ሲመታ ዝም ብሎ ማየት ነውር በሆነበት ስፖርት ነው። ከአንደኛ ቤዝ ተነሥቶ ሜዳውን ሰንጥቆ ሮጠና ያንኑ ትከሻውን አስቀድሞ ወርዋሪውን ከቆመበት ጉብታ ላይ ጠራረገው። ሁለቱም ቡድኖች ወደ ሜዳ ፈሰሱ፤ እንደ ልማዱም ማንም ማንንም ሳይመታ ሸሚዝ ለሸሚዝ ተያይዘው ቆሙ። ያን የሚያህል ሰው ከወርዋሪው ላይ በወገቡ ይዞ ያነሣው እያነከሰ የደረሰው ዌንደል ነው።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰው?»

«መቱህ እኮ።»

«መምታት ነበረባቸዋ። አልቆ ነበር። አሁን እንደገና ጀመርከው።»

ዳኛው ብራክስተንን ከሜዳ አስወጣው፤ ሊጉም በዚያው ምሽት አምስት ጨዋታ ቀጣው። ቅጣቱ ግን ከሰኞ እንዲጀምር ተወሰነ። የእሑዱ መቀመጫ አስቀድሞ ተሸጦ ማለቁን ሁላችንም እናውቅ ነበርና ምክንያቱን የጠየቀ የለም። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ስለዋለ ጨዋታው ተሰረዘ። ዌንደል የጠቆረ ታፋው ላይ በረዶ ጭኖ ለካርሊን ደወለና፣ ብራክስተን ለጎዳው የወርዋሪው ጎን እሑድ የሚመታው እርሱ መሆኑን ነገራት። በዚህ ጊዜ ከወገብ በታች ላያነጣጥሩ እንደሚችሉ አልነገራትም። እርሷም ለምን የመምቻ ተራህን አትቀይርም ብላ ጠየቀችው። ጠይቆ ነበር፤ ቦይድ ቅደም ተከተሉን የሚያወጡት ባለቤቶቹ ናቸው ብሎ እጁን ዘርግቶ አሳየው።

እሑድ ረፋዱ ላይ ዌንደል አንድ ያልተለመደ ነገር አደረገ። ብራክስተንን በክንዱ ይዞ የስዊንተን ተጫዋቾች ልብስ ወደሚቀይሩበት ክፍል ገባ። ባላጋራ ክፍል ከጨዋታ በፊት አይገባም፤ ሁሉም ንግግራቸውን አቁመው ዞሩ። ብራክስተን መሐል ላይ ቆሞ ኦረንንና ወርዋሪውን በስማቸው ጠርቶ ይቅርታ ለመነ። ከልቡ ነበር። ከዚያም ኦረን የተጎዳ ክንዱን ያንጠለጠለበትን ጨርቅ እያመለከተ፣ ለእናቴ እዚህ ላይ ብትፈርምልኝ ሲል ጠየቀው። ወዲያው ክፍሉ ተገለበጠ፤ ኳስ፣ ኮፍያና ጫማ ይዘው ተሰለፉ። ወርዋሪውም የተደበደበ ጎኑን በአንድ እጁ ደግፎ፣ እንደ ዓርቡ ተቃቅፈን ፎቶ እንነሣ አለ።

ዌንደል በሩ ላይ ተደግፎ ይህን ሁሉ ተመለከተ። በመጨረሻ ወደ ስዊንተኑ ሽማግሌ አሠልጣኝ ተጠጋ። ሰውየው የተፈረመ ኳስ በሁለት እጁ ይዞ ነበር።

«ጌታዬ፣ እንግዲህ ነገሩ አለቀ ማለት ነው?»

«ከብራክስተን ጋር? ምን ጥያቄ አለው።»

«ከእኔስ ጋር?»

ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አየው። «አንተ ደግሞ ማነህ ልጄ?»

«የምትመቱኝ ሰው ነኝ።»

ሽማግሌው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ከዚያም ኳሱን ወደ ኪሱ ከትቶ እጁን ዘረጋለትና፣ ቀርቷል፣ ቃሌ ነው አለው።

ቃሉንም ጠበቀ። ለዌንደል የመጣው የመጀመሪያ ኳስ መሐል ለመሐል የተወረወረ፣ ልጅ እንኳ የማይስተው ነበር። ዌንደል ግን ምቱን ለመቀበል ጡንቻውን ሁሉ ቋጥሮ ስለነበር ቆሞ አሳለፈው። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ያን ጊዜ በስዊንተን ላይም በብራክስተን ላይም የነበረው ብስጭት ወደ ራሱ ዞረ፤ ሦስተኛውን እስከ ግራው አጥር አጎነው። አንደኛ ቤዝ ላይ የነበረው ብራክስተን ቤዞቹን ሁሉ አዳርሶ ወደ ሰሌዳው ከነፈ። ማንንም ላለመግጨት ለራሱ ምሎ ነበርና ተንሸራተተ። ነገር ግን እጅግ ቀድሞ ስለተንሸራተተ ሰሌዳው ሳይደርስ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ፤ ተቀባዩም ጎንበስ ብሎ፣ አዝኖለት በሚመስል አኳኋን፣ በኳሱ ነካው። ነጥቧ ጠፋች። ዌንደል ሁለተኛ ቤዝ ላይ ቆሞ ኮፍያውን አወለቀና ፊቱን ሸፈነበት።

ሰኞ ጠዋት ቦይድ አስጠራው፤ በሩንም ዘጋ።

«ትሄዳለህ» አለው። «ከላይ ደውለዋል።»

ዌንደል ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ዘጠኝ ዘመን የጠበቀውን ቃል ሰምቶ መደሰት ሲገባው፣ በቦይድ ፊት ላይ አንድ ነገር አየ።

«ምን አሉ አለቃ?»

«ብራክስተንን ይፈልጉታል። የእነሱም መቀመጫ ባዶ ነው። ዓርብ ከወርዋሪው ላይ ያነሣው ማነው ብለው ጠየቁኝ። ስምህን ነገርኳቸው።»

«የተፈለግሁት ኳስ ልመታ ነው ወይስ እሱን ልጠብቅ?»

«ልዋሽህ ልጄ? ልትጠብቀው ነው።»

ዌንደል አልሄድም ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። ዘጠኝ ዘመን የተለማመደው ሰው ለመጠበቅ አይደለም። ነገር ግን ሌላ ጥያቄ መጣበትና ብራክስተን መቼ እንደሚከተለው ጠየቀ። ቦይድ አምስት ጨዋታ ቅጣቱን ሲጨርስ ነው አለው።

ከቢሮው ወጥቶ የመኪና ማቆሚያው ጥላ ውስጥ ለካርሊን ደወለ። ያሳፈረውን ጨምሮ አንድም ሳያስቀር ነገራት። እርሷ ከሁሉ የያዘችው የቅጣቱን ነገር ነበር።

«ለአምስት ጨዋታ እሱ የለም ማለት ነው?»

«የለም።»

«ካንተ ፊት የሚመታ ዝነኛ የለም፣ የሚገጭ የለም፣ ባንተ ላይ የሚበቀል የለም?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን ቆመህ ታወራኛለህ ዌንደል? ለምን እንደወሰዱህ የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው። ሂድና እሱ ሳይደርስ ምታ።»