አይቆለፍም ተብሎ ቃል የተገባለት ጌም

«ጦሳ ላይ ጉም ወርዶ…» ይልና፣ ቀጣዩ ስንኝ ስለሚጠፋው ያችኑ መልሶ ያንጎራጉራል። ጌም ሠሪው ክርኑ የሳሳ ጃኬት ለብሶ፣ ላፕቶፑን እንደ ሰው አደራ ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ደሴ ፒያሳ ወዳለችው የሰልዋ ምግብ ቤት ይመጣል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ባዶ ወንበር እያለ፣ በሩ ጋ ቆሞ ነው የሚበላው።

የቤቱ ደንበኞች እሱ የጀመረው የኮምፒውተር ጌም እንዲያልቅ አዋጥተውለት ነበር። «ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት፣ በፍላሽ ለወዳጅ የሚሰጥ ይሆናል» ብሎ ቃል ገብቶላቸው ነበር፤ ጌሙም በቅርቡ አልቆ እጃቸው ገብቷል።

ዛሬ ባጃጅ ነጂው ሙዓዊያ በዝምታ አላለፈውም። «ወንድምዬ፣ ጌምህ ኔትወርክ ካልመጣ ወላሂ አልከፈትም አለኝ እኮ! በገዛ ቤቴ ዘበኛ አቆምክብኝ?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እሱ አንገቱን ደፋ።

«አፉ በሉኝ» አለ በቀስታ። «የሚያሰራጨው ድርጅት ያለ ኢንተርኔት እንዳይከፈት ካልተቆለፈ አልወስድም ሲለኝ፣ እናንተን ሳልጠይቅ እሺ አልኩ።»

ሳቁ ቆመ።

«አፉ ብለናል» አለች ሰልዋ የእጅ ውሃ እያቀረበችለት። «በል ተቀመጥ። ቁልፉን እንዴት እንደምታነሳው እየበላህ ትነግረናለህ።»

ወንበሩን በእግሩ ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። ቀና ብሎ ማንንም ሳያይ፣ ቢስሚላህ ብሎ ቆረሰ።